መሪው ሲጮህ

የዚህ ወር ዓምዳችን ስለ መኪና ነው። ቤተሰቡን አሳፍሮ ረጅም መንገድ የሚወጣ አባወራም ሆነ ልጆቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣ እናት፣ መሪ በጠመዘዙ ቁጥር ከኮፈኑ ሥር እንግዳ ድምፅ ሲሰሙ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፣ ወይ በቀጥታ ጋራዥ ይገባሉ። የመጀመሪያው ለሕይወት ያሰጋል። ሁለተኛው መልካም ቢሆንም ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳያጣሩ ከሄዱ ‹‹ፓምፑ ሞቷል፣ ይቀየር›› ተብሎ የወር ወጪ ሊበላ ይችላል።

የፓወር ስቲሪንግ አሠራር ውስብስብ አይደለም። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑም ዘይቱን በኃይል ወደ መሪው ሳጥን ይገፋል፤ ይህ ግፊት ጎማውን ስናዞር ክንዳችንን ያግዛል። ክራይስለር ይህን ዘዴ ለገበያ ባቀረበው የቤት መኪና ላይ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር።

ድምፁን ለመለየት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተሩን አስነሱና መሪውን ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ያዳምጥ፤ ሆኖም የጀለቢያ እጅጌም ሆነ የሻሽ ጫፍ ወደሚዞረው ቺንጋ እንዳይጠጋ አደራ።

የሚሰማው ‹‹ሲጥ›› የሚል ቀጭን ጩኸት ከሆነ፣ በተለይም ጠዋት ሞተር ሲነሳ ወይም መሪው ጥግ ሲደርስ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቺንጋው ነው። ሞተሩን አጥፉና በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ተጫኑት። በብዙ የቀድሞ መኪኖች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ደህና ነው፤ ከዚያ በጣም ካለፈ ላልቷል። ጎኑ እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጣጠቀ ይቀየር። ሳሙና ወይም ዘይት የሚቀቡት አሉ። ድምፁ ለጊዜው ቢጠፋም ቺንጋው መንሸራተቱን አይተውም፣ ዕድሜውም ያጥራል። ቺንጋ በጉዞ ላይ ቢበጠስ መሪው ወዲያው ይከብዳል፤ በጉልበት ይዞራል እንጂ አይቆለፍም። የዓባይን ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር የሚያጠፉ ሾፌሮች ይህንኑ ችግር በገዛ እጃቸው ይጠሩታል፤ ያን ጊዜ የፍሬኑም እገዛ አብሮ ይደክማል።

ድምፁ እንደ ማቃሰት ያለ ሆኖ ነዳጅ ሲሰጡት የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ተመልከቱ። የቋቱ ክዳን ላይ ወይም ጎኑ ላይ ምልክት አለ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ማታ መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፎ ማደርና ጠዋት ጠብታው የት እንዳረፈ ማየት ይበቃል። ፍሳሹ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ቢንጠባጠብ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ነገ ዛሬ አይባልም። ዘይቱ አረፋ ከሠራ አየር ገብቶበታል። የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንስቶ፣ መኪናውን በመቆሚያ አስደግፎ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ማዞርና የጎደለውን መሙላት አየሩን ያስወጣዋል።

የፍሬን ዘይት በምንም ምክንያት እዚያ ቋት ውስጥ አይገባም፤ ዘይት ማገጃ ጎማዎቹን ያበላሻል። ብዙ የቀድሞ ቶዮታዎች ዴክስሮን የተባለውን የካምቢዮ ዘይት ይቀበላሉ፤ ሆንዳ ግን የራሱን ይፈልጋል። ስለዚህ የመኪናውን መመሪያ ወይም የክዳኑን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው።

ቺንጋው ጥብቅ፣ ዘይቱ ሙሉና ንጹሕ ሆኖ ማጉረምረሙ ከቀጠለ፣ ፓምፑን መጠርጠር የሚገባው ያን ጊዜ ነው። መሪው ጥግ ሲደርስ ብቻ የሚሰማ ‹‹እስስ›› የሚል ድምፅ ግን ከመጠን ያለፈው ግፊት በማስተንፈሻው ሲያልፍ ነውና በሽታ አይደለም። ብቻ መሪውን እዚያ ጥግ ላይ ከ5 ሴኮንድ በላይ አትያዙት፤ ዘይቱ ይግላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ዝቅ ያለው ድምፅ ነው። ጉድጓድ ሲመታ ወይም መሪ ሲጠመዘዝ ‹‹ቋ፣ ቋ›› ካለ ጉዳዩ የዘይት አይደለም። ከመሪው እስከ ጎማው ያሉት መገጣጠሚያዎች፣ ምናልባትም ቲራንቴው፣ ተበልተዋል። ቲራንቴ ቢወልቅ ጎማው ለመሪው አይታዘዝም። በዚህ መኪና ልጅ አሳፍሮ መንገድ መውጣት አይገባም፤ መካኒኩ አይቶ እስኪፈቅድ ይቁም።

ይህ ሁሉ በዘይት ስለሚሠሩት ነው። እንደ ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ ያሉት፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ መሪያቸውን የሚያግዘው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። እነዚህ ሲበላሹ በአብዛኛው የመሪ ምልክት ያለበት መብራት ያበራሉ፤ ምርመራውም በኮምፒውተር ነው። ለቪትዛችሁ ‹‹የመሪ ዘይት ልቀይርልህ›› የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ወደ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።