ሩት ሰርተፊኬት በኮምፒውተር ላይ ሲጫን፦ የካዛኪስታን ተሞክሮ እና ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ

በበይነ መረብ አገልግሎት የሚፈልግ ተገልጋይ አንዳንድ ጊዜ ‹‹በቅድሚያ ሩት ሰርተፊኬት ይጫኑ›› የሚል መልእክት ያጋጥመዋል። ሥራው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ የሚሰጠው ፈቃድ ግን ሰፊ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 በካዛኪስታን ዋና ከተማ ኑር-ሱልጣን፣ በዛሬዋ አስታና፣ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደንበኞቻቸው በመንግሥት የተዘጋጀ የደህንነት ሰርተፊኬት እንዲጭኑ መጠየቅ ጀመሩ። የተሰጠው ምክንያት ዜጎችን ከሳይበር ጥቃት መጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰርተፊኬቱ አማካይነት ወደ 37 የድረ ገጽ አድራሻዎች የሚደረግ ግንኙነት እየተጠለፈ መሆኑን ደረሱበት፤ ፌስቡክ፣ ጉግል እና ትዊተር ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ሙከራው በኦገስት መጀመሪያ ቆመ። በዚያው ወር ጉግል፣ ሞዚላ እና አፕል ተጠቃሚው ራሱ ቢጭነው እንኳ ማሰሻዎቻቸው ሰርተፊኬቱን እንዳይቀበሉ አደረጉ። በ2020 መጨረሻ ጥያቄው በድጋሚ ሲቀርብም ተመሳሳይ እርምጃ ተወስዷል።

ለዚህ ምክንያቱ የሰርተፊኬቱ አሠራር ነው። ማሰሻ አንድን ድረ ገጽ የሚያምነው በኮምፒውተሩ ውስጥ ከተመዘገቡ ሩት ሰርተፊኬቶች አንዱ ስለ ድረ ገጹ ማንነት ሲመሰክር ነው። በመዝገቡ ላይ አዲስ ሩት ሲጨመር፣ የሰርተፊኬቱን ምስጢራዊ ቁልፍ የያዘው አካል በባንክም ሆነ በኢሜይል አገልግሎት ስም ሰርተፊኬት ማውጣት ይችላል። ይህ አካል በግንኙነቱ መካከል መግባት ከቻለ የይለፍ ቃሉን ያነባል፤ የተገልጋዩ ማሰሻ ግን ማስጠንቀቂያ አያሳይም፣ የቁልፉ ምልክትም እንዳለ ይቆያል።

ጥያቄው ሁሉ የስለላ ነው ማለት አይደለም። በሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2022 በማዕቀብ ምክንያት የውጭ ሰርተፊኬት ሰጪዎች ለተለያዩ ተቋማት አገልግሎት ሲያቋርጡ መንግሥት የራሱን ሩት አዘጋጀ፤ ትልቁ ባንክ ስበርባንክም በዚያው ዓመት ወደ እርሱ ተሸጋገረ። በኢትዮጵያም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የሩት ሰርተፊኬት ሰጪነትን ኃላፊነት ለዛሬው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሰጥቷል። አንድን ድረ ገጽ ለመክፈት ብቻ ሩት መጫን ግን በአብዛኛው አያስፈልግም። የኮምፒውተሩ ቀን ወይም ዓመት በመሳሳቱ የሚመጣ ማስጠንቀቂያም ቀኑን በማስተካከል እንጂ ሰርተፊኬት በመጫን አይወገድም።

መጫኑ የግድ ከሆነ ፋይሉ ከተቋሙ ትክክለኛ ድረ ገጽ መወሰድ አለበት፤ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል የተላከ ፋይል ሊታመን አይገባም። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት የሰርተፊኬቱን የጣት አሻራ፣ ማለትም ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ ያሳያል። ተገልጋዩ ይህን ተቋሙ በአካል ወይም በታወቀ ስልክ ቁጥሩ ከሚሰጠው ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል፤ አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ መጫን የለበትም። በጋራ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ለኮምፒውተሩ በሙሉ ሳይሆን ለራስ መለያ ብቻ መጫን ይመረጣል። ፋየርፎክስ የራሱ የሰርተፊኬት መዝገብ ስላለው በእርሱ ብቻ የተጫነ ሩት ሌሎች ማሰሻዎችን አይነካም። አገልግሎቱ ሲጠናቀቅ ሰርተፊኬቱን ከተጫነበት መዝገብ መሰረዝ ይቻላል።