ጥቅሉ የገዢው ነው፦ ተጨማሪ የሞባይል ዳታ፣ ማጋራት እና የድኅረ ምረቃ ምርምር በምዕራብ ሸዋ

መግቢያ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በጌዶ የሚኖር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከግቢ ከወጣ በኋላ ላፕቶፑን ከዓለም ጋር የሚያገናኝለት በአብዛኛው በኪሱ ያለው ስልክ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል፤ ሆትስፖት ይከፍታል፤ ላፕቶፑን ያያይዛል። ጥቅሉ ሲያልቅ ሌላ ይጨምራል፤ የክፍል ጓደኛው ዳታ ሲያልቅበት ደግሞ የራሱን ያካፍለዋል። ይህ ልማድ የየግለሰቡ የኪስ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ በምርምር በጀትም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ዕቅድ ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሣም። ነገር ግን ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚነበበው፣ የሚጻፈውና ለአማካሪ የሚላከው በዚሁ መስመር ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። በመጠን ተለክቶ የተሸጠ ዳታ የገዢው ነው፤ ስለሆነም መቼ፣ በየትኛው መሣሪያ እና ከማን ጋር እንደሚጠቀምበት የመወሰን መብት የገዢው ሊሆን ይገባል። ይህ መብት በደንብ ካልታወቀና ዩኒቨርሲቲዎችም የድርሻቸውን ካልተወጡ፣ የምርምር ዕድል የሚለካው በተማሪው ትጋት ሳይሆን በወሩ መጨረሻ በስልኩ ላይ በቀረው ሜጋባይት ይሆናል።

ማጋራት በኔትወርኩ ዓይን

ሆትስፖት ሲከፈት ስልኩ እንደ ትንሽ ራውተር ይሠራል። ከኦፕሬተሩ የተሰጠውን አንድ አድራሻ ይዞ፣ ከላፕቶፑ የሚመጣውን ጥያቄ በራሱ ስም ያስተላልፋል፤ መልሱንም ተቀብሎ ለላፕቶፑ ያደርሳል። በዋይፋይ፣ በብሉቱዝ ወይም በዩኤስቢ ገመድ ቢሆንም መርሁ ያው ነው። ከጥቅሉ ላይ የሚቀነሰውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ሜጋባይት በስልኩ ላይ ቢነበብ፣ በላፕቶፑ ላይ ቢነበብ ወይም በሌላ ሰው ታብሌት ላይ ቢነበብ፣ ለማማው ያው አንድ ሜጋባይት ነው። በመጠን በተሸጠ ጥቅል ላይ ማጋራት ለኔትወርኩ ተጨማሪ ሸክም ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ መሠረት ያጣል።

ልዩነቱ የሚታየው በተጠቃሚው በኩል ነው። ስልክ በሞባይል ዳታ ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ይቆጥባል። ላፕቶፕ ግን በዋይፋይ መገናኘቱን እንጂ ከዋይፋዩ በስተጀርባ በሜጋባይት የሚከፈልበት ጥቅል መኖሩን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። ስለዚህ የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል፤ በደመና ማከማቻ ያሉ ፋይሎችን ያመሳስላል። ለአንድ ወር የታሰበ ጥቅል ባለቤቱ አንድ ገጽ ሳያነብ በአንድ ምሽት ሊያልቅ ይችላል። በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ግንኙነቱ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑን ማሳወቅ ይህን ጉዳት በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ ትንሽ ዕውቀት ከምርምር ዘዴ ኮርስ ጋር ተያይዞ ቢሰጥ ወጪው ኢምንት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

የምርምር ባይት ክብደት

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በጊንጪ አቅራቢያ፣ በደንዲ ወረዳ የሚገኘው የጭልሞ ደን ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅሉበት የደጋ ደን ነው። በአሳታፊ የደን አስተዳደር ከሀገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት ደኖች አንዱ በመሆኑም የተመራማሪዎችን ዓይን ሲስብ ቆይቷል። የደኑን ሽፋን ለውጥ ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ የሳተላይት ምስል ያስፈልገዋል። የላንድሳት ምስሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ የሴንቲኔል-2 ምስሎችም እንዲሁ። ይሁን እንጂ የሴንቲኔል-2 ምስል የሚቀርበው በየጎኑ 110 ኪሎ ሜትር በሆነ ቁራጭ ተከፋፍሎ ሲሆን፣ አንዱ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ይመዝናል። ጥቂት ሺህ ሄክታር የሚሸፍነው ደን ከዚያ ስፋት ውስጥ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ተማሪው ሙሉውን ቁራጭ በሆትስፖት ሲያወርድ፣ ከከፈለው ዳታ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ፈጽሞ ለማያየው መሬት ይውላል። ለውጥን ለማሳየት ደግሞ የአንድ ዓመት ምስል አይበቃም፤ ሸክሙ በዓመታቱ ቁጥር ይባዛል።

ተመሳሳይ ችግር በሥነ ጽሑፍ ዳሰሳም ይታያል። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመስከረም 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። ፖሊሲው ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የተከፈተ ጽሑፍ ሁሉ ለሚያወርደው ሰው ነፃ ነው ማለት አይደለም። በቅጡ የተዘጋጀ መጣጥፍ አንድ ወይም ሁለት ሜጋባይት ሲመዝን፣ ገጾቹ እንደ ፎቶ በስካነር የተነሡ መመረቂያ ጽሑፍ ግን በአስሮች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል። አሳታሚው የተወው ክፍያ በሌላ በር፣ በዳታ ዋጋ በኩል፣ ተመልሶ ይገባል።

የተጨማሪ ዳታ ዋጋ

ሚዛናዊ ለመሆን፣ ባለፉት ዓመታት የታየው መሻሻል መጠቀስ አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ባደረገው የታሪፍ ማሻሻያ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ ቀንሷል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በሀገር አቀፍ ደረጃ በይፋ በመጀመሩ፣ ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ አቅራቢ እጅ የቆየው ገበያ ተፎካካሪ አግኝቷል። ጥቅል በስልክ ገንዘብ መግዛት፣ ለሌላ ሰውም ገዝቶ በስጦታ መላክ ዛሬ ቀላል ሆኗል።

የሚቀረው ጥያቄ ዋጋው ስንት ነው ከሚለው ይልቅ የተገዛው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። በጥቅል ገበያ የተለመደው፣ የአገልግሎት ጊዜያቸው እኩል ከሆኑ ጥቅሎች መካከል ትንሹ በሜጋባይት ሲሰላ ከትልቁ የሚወደድ መሆኑ ነው። ትልቁን በአንድ ጊዜ ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ተማሪ ትንንሹን እየደጋገመ ይገዛል፤ በወሩ መጨረሻ ሲደመርም ከባለገንዘቡ ይልቅ ለአንድ ሜጋባይት አብልጦ ከፍሎ ይገኛል። አነስተኛውን ጥቅል የቀን ገደብ ሲጨመርበት ኪሳራው እጥፍ ይሆናል። ሳይጠቀምበት ቀኑ ያለፈ ዳታ ተከፍሎበት የጠፋ ነውና።

የቀን ገደቡ በምዕራብ ሸዋ የራሱ ክብደት አለው። በጀልዱ ወይም በጨሊያ ገጠር መረጃ የሚሰበስብ ተማሪ መጠይቁን ያለ ኔትወርክ በሚሠራ መተግበሪያ ሞልቶ፣ ወደ ከተማ ሲመለስ ብቻ ይልካል። በመስክ ላይ በቆየባቸው ቀናት የጥቅሉ ቀን ይቆጠራል፤ ዳታው ግን ሥራ ላይ አይውልም። መብራት ጠፍቶ ማማው ሲዳከምም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የከፋው ሙሉ መቋረጥ ነው። አምቦ ተወልዶ ያደገው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጧል። ከዚያ ቀደም ብሎም በዚያው ዓመት የምዕራብ ኦሮሚያ አካባቢዎች ለወራት ያለ ኢንተርኔት ቆይተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የጥቅል ዕድሜ በቀን መቁጠሪያ መቆጠሩ ከፍትሕ ጋር አይስማማም። መቆጠር ያለበት አገልግሎቱ በእርግጥ የተሰጠበት ቀን ነው።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

ይህ ክርክር በሌላ ቦታ በሕግ መልስ አግኝቷል። በደቡብ አፍሪካ ተጠቃሚዎች በ2016 እ.ኤ.አ. የዳታ ዋጋ ይቀንስ ብለው ዘመቻ ከጀመሩ በኋላ፣ የአገሪቱ ተቆጣጣሪ አካል በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ኦፕሬተሮችን አራት ነገሮች አስገድዷል። ደንበኛው የጥቅሉን 50፣ 80 እና 100 በመቶ ሲጨርስ እንዲነገረው፤ ያልተጠቀመበትን ዳታ ወደሚቀጥለው ጊዜ የማሸጋገር አማራጭ እንዲኖረው፤ ለሌላ ተጠቃሚ ማስተላለፍ እንዲችል፤ ጥቅሉ ሲያልቅም ያለ ፈቃዱ ከጥቅል ውጭ በሆነ ዋጋ እንዳይከፍል። የዚያው አገር የውድድር ኮሚሽን በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው የምርመራ ሪፖርትም ትንንሽ ጥቅል የሚገዙ ድኾች ለአንድ ሜጋባይት አብልጠው እንደሚከፍሉ አረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ዋና ዋና ኦፕሬተሮች ዋጋ ቀንሰዋል።

በአሜሪካ ደግሞ ቬራይዘን በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የዳታ ጥቅል እስከ አሥር መሣሪያ የሚጋራበትን ዕቅድ ሲያቀርብ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ወርኃዊ ክፍያ አስቀምጦ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ኩባንያው ኢንተርኔት ለማጋራት የሚያገለግሉ መተግበሪያዎችን ከመተግበሪያ መደብር አሳግዷል በሚል ከቀረበበት ምርመራ ለመውጣት 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ማጋራትን ያለ ተጨማሪ ክፍያ የመፍቀዱ ጉዳይ ለኦፕሬተሩ በጎ ፈቃድ ብቻ ከተተወ፣ ፈቃዱ በፈለገ ጊዜ ሊነሣ ይችላል።

የተቃራኒው ወገን መከራከሪያ

ኦፕሬተሮች የሚያነሡት ዋና ምክንያት የኔትወርክ አቅም ውስን ነው የሚል ነው። የቀን ገደብ ከሌለ የተጠራቀመ ዳታ በአንድ ጊዜ ፈስሶ ኔትወርኩን ያጨናንቃል ይላሉ። ምክንያቱ ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን መጨናነቅ የሚለካው በሰዓት እንጂ በወር አይደለም። ማማውን የሚያስጨንቀው ብዙ ሰው በአንድ ምሽት በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ነው። እንዲያውም የቀን ገደቡ ራሱ ተጠቃሚው «ከሚቃጠል ልጨርሰው» ብሎ በመጨረሻው ቀን እንዲሽቀዳደም ይገፋፋዋል። የሚቀጥለው ወር ሌሊት ላይ የሚወርድ ፋይል በጥድፊያ ከሚወርደው ይልቅ ለኔትወርኩ ቀላል ነው።

ባልተገደበ ጥቅል ላይ የሚነሣው መከራከሪያ ግን የተሻለ መሠረት አለው። እዚያ የተሸጠው መጠን ሳይሆን የአንድ ሰው አጠቃቀም ነው፤ አንድ ያልተገደበ መስመር ለአንድ ሙሉ ዶርም ቢከፈት የዋጋው ስሌት ይፋለሳል። ስለዚህ በዚያ ላይ አስቀድሞ የተነገረ ምክንያታዊ ወሰን ቢኖር ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው በሜጋባይት ተለክቶ ለተሸጠው ነው።

ማጋራት በራሱ አደጋ የለውም ማለትም አይደለም። ሲም ካርዱ የተመዘገበው በአንድ ሰው ስም ስለሆነ፣ በሆትስፖቱ የተሠራ ነገር ሁሉ በቅድሚያ የሚጠየቅበት እርሱ ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል ማድረግና ለሚያውቁት ሰው ብቻ መክፈት ግድ ይላል። ደግሞም ሁልጊዜ የሚያካፍለው ያው አንድ ሰው ሲሆን፣ ደቦ መስሎ የጀመረው ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ደቦ የሚጸናው ተራ ሲኖረው ነው።

የዩኒቨርሲቲው ድርሻ

ሸክሙን ሁሉ በኦፕሬተሩ ላይ መጫን ቀላል ቢሆንም ትክክል አይደለም። እንደ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ያለ፣ ካምፓሶቹ በአምቦ ከተማና በጉደር የተሰራጩ ተቋም በራሱ አቅም ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ዳታን እንደ ምርምር ግብዓት መቁጠር ነው። ለመጠይቅ ማባዣ፣ ለትራንስፖርትና ለረዳት መረጃ ሰብሳቢ አበል የሚያዝበት የምርምር በጀት፣ ለዳታም በስሙ የተለየ ርዕስ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው አንድ ጊዜ አውርዶ ብዙ ጊዜ መጠቀም ነው። ምዕራብ ሸዋን የሚሸፍኑ የሳተላይት ምስሎች፣ የምርምር ሶፍትዌሮችና ተፈላጊ መጻሕፍት በግቢው አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጡ፣ ተማሪው በግቢው ኔትወርክ ወይም በፍላሽ ወስዶ ጥቅሉን ለሌላ ሥራ ያተርፋል። ስሌቱ በርቀት ባለ ኮምፒውተር ተሠርቶ ውጤቱ ብቻ የሚወርድባቸው እንደ ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ያሉ አገልግሎቶችም በሥልጠና ሊታገዙ ይገባል፤ የጭልሞን ደን የሚያጠናው ተማሪ ሙሉውን ቁራጭ ሳይሆን ደኑን ብቻ ያወርዳል ማለት ነው። ሦስተኛው የራስን ጓዳ ማቅለል ነው። ወደ ማከማቻ የሚገባ መመረቂያ ጽሑፍ ከስካን ፎቶ ይልቅ ከጽሑፍ ፋይሉ በቀጥታ ቢዘጋጅና አጠቃሎው ለብቻው ቢቀርብ፣ አንባቢው ሙሉውን ከማውረዱ በፊት እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

ማጠቃለያ

ከተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የሚጠበቀው በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ሊጻፍ የሚችል ደንብ ነው። በመጠን የተሸጠ ዳታ ቀኑ ሲያልፍ ይሸጋገር፤ ተጨማሪ ጥቅል ሲገዛ ቀኑ ቀድሞ የሚያልቀው ቀድሞ ይቀነስ፤ አገልግሎት የተቋረጠባቸው ቀናት ከዕድሜው አይቆጠሩ፤ ገዢው ካለው ላይ ቆርሶ ለሌላ መስጠት ይቻለው፤ በሆትስፖት ማጋራትም ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅበት። ኦፕሬተሮች ከእነዚህ አንዳንዶቹን በራሳቸው ፈቃድ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ፈቃድ ግን መብትን አይተካም።

በጤፍ ገበያ አንድ ኩንታል የገዛ ሰው እህሉን በስንት ቀን እንደሚበላው፣ በየትኛው ምጣድ እንደሚጋግረውና ከእንጀራው ለማን እንደሚያጎርስ ሻጩ አይወስንለትም። በዳታም ላይ ከዚህ የተለየ ነገር አልተጠየቀም።