ስለ አሮጌ መኪና የኋላ ፍሬን

የዲመካ ገበያ የሚቆመው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። በእነዚህ ቀኖች እህልና ሸቀጥ ከሚያመላልሱት መኪናዎች መካከል ብዙ ዘመን ያገለገሉ ፒካፖች አይታጡም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ወደ አገር በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ የኤክሳይስ ታክስ ስለጣለ፣ ነጋዴው በእጁ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ መሥራቱ የተገባ ነው። ወደ ጂንካ ጋራዥ ሄዶ ለመመለስ የሥራ ቀን ስለሚባክንም፣ የኋላውን ፍሬን በገዛ ግቢው ማስፈታቱ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ሥራውን ለገበያ ዋዜማ ማቆየቱ ነው።

የታምቡር ፍሬን ጉዳቱን በውስጡ ሸሽጎ ይይዛል። ሸራው ሲያልቅ፣ ፖምፓው ዘይት ሲያንጠባጥብ፣ አቧራና አሸዋ ሲጠራቀም ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ታምቡሩ ሳይከፈት «እስካሁን ይይዛል» ማለት ማስረጃ አይሆንም። በዋዜማው ማታ ተከፍቶ ጉድለት ቢገኝበት ደግሞ፣ መለዋወጫው እስኪመጣ የሚታገሥ የለም፤ ጭነቱ ነጋዴውን ያስቸኩለዋል፤ ሹፌሩም እንደነበረው ገጥሞ እንዲነዳ ይታዘዛል።

ስለዚህ ሥራው በገበያው ማግስት፣ ረቡዕ ወይም እሑድ፣ በቀን ብርሃን ቢሆን ይሻላል። መኪናው ባዶውን በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ የፊት ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ፤ ክሪኩ ብቻ ስለማይታመን ጽኑ ድጋፍ ይደረግለት። የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ ታምቡሩ ከወለቀ በኋላ ትቢያውን በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ የቆየ ሸራ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። አንዱ ወገን ተገጥሞ ሳያልቅ ሌላው አይፈታ፤ የሞላዎቹን አቀማመጥ የሚያሳየው ያልተፈታው ነውና። ሸራ የሚለወጠው በሁለቱም ጎማ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢለወጥ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሊስብ ይችላል። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይመለስም። ፖምፓው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን፣ ለውጡ አየር ማስወጣትን ስለሚጠይቅ፣ ሥራው ለሚያውቀው መካኒክ ይተው።

የሸራ ዋጋ እንደ ነዳጅና እንደ ሹፌር ደመወዝ ሁሉ በሂሳብ መዝገብ አስቀድሞ ሊመደብ ይገባል። ሹፌሩም «ፍሬኑ አያስኬድም» ባለ ጊዜ ጌታው ቃሉን ተቀብሎ ጭነቱን ሊያስወርድ ይገባዋል። ማክሰኞ ያልተሸጠ ዕቃ ቅዳሜ ይሸጣል፤ ለሹፌሩና ለረዳቱ ሕይወት ግን ሁለተኛ ገበያ የለውም።