ክዳን የሌለው መሶብ

ወጣቶች ሆይ፤ «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ ወርቁን አክብሮ የሠራውን እጅ ስለ መናቅ ነው።

ባለፈው ዓመት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከለቡ ወዲያ አዲስ ቤት የሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለምሳ ጠራኝ። በእንግዳ መቀበያው ጥግ፣ መብራት ከላይ እየበራበት፣ አንድ አሮጌ መሶብ ቆሟል። ክዳን የለውም፤ በሆዱ የላስቲክ አበባ ተሰክቶበታል። «አንቲክ ነው ጋሼ፤ በብዙ ገንዘብ ነው የገዛሁት» አለኝ። እናቱ በጓዳው በር አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጠጋ ስላቸው በለሆሳስ፣ «መምህር፣ ክዳኑን ምን አደረጉት ብለው ይጠይቁልኝ» አሉኝ። እኒህ ሴት መሶብ እየሰፉ በመሸጥ ለዚሁ ልጅ ደብተርና ጫማ ይገዙለት እንደ ነበር አውቃለሁ፤ አስተምሬዋለሁና። እርሱ ግን ለእንግዶቹ ስለ መሶቡ ዋጋ እንጂ ስለ እናቱ እጅ አንድ ቃል አልተናገረም።

የላስቲኩን አበባ ነገር ባነሣበት፣ «በጃፓን አገር እኮ አበባ የሚያስቀምጡት በጥንታዊ የቀርከሃ ቅርጫት ነው» ሲል መለሰልኝ። እውነቱን ነው። ምሳሌውን ካመጣ ግን እስከ መጨረሻው ያምጣው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የሻይ ሥርዓት ሊቅ የነበረው ሴን ኖ ሪክዩ የዓሣ አጥማጅ ቅርጫት ወስዶ አበባ አኖረበት ተብሎ በዚያ አገር ይተረካል። በገበሬ ቤት ጣራ ሥር ብዙ ዘመን የምድጃ ጢስ የጠጣውን ቀርከሃ እንኳ አይጥሉትም፤ ለተመረጠ ቅርጫት ያውሉታል እንጂ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1815 እስከ 1897 የኖረው ሃያካዋ ሾኮሳይ በሠራው ቅርጫት ላይ ስሙን በመጻፍ ከሙያው ሰዎች የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል። በ1967 ደግሞ መንግሥታቸው ሾኖ ሾውንሳይ የተባለውን የቀርከሃ ሠሪ፣ ሕዝቡ «ሕያው የአገር ሀብት» የሚለውን ማዕረግ ሰጠው። እንግዲህ አበባው በዚያ የሚቆመው በሠሪው ስም ላይ ነው፤ በእኛ ተማሪ ቤት ግን በእናቱ ዝምታ ላይ ቆሟል።

የእኛ መሶብ ከዚያ በምን ያንሳል? ሰፊዋ ስንደዶውንና አክርማውን በወቅቱ ነቅላ፣ አድርቃ፣ አለላውን ቀልማ፣ በወስፌ እየወጋች ዙር በዙር ትሰፋዋለች። ክዳኑም ለጌጥ ብቻ አልተሰፋም፤ እንጀራው እንዳይደርቅ ይጠብቃል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የመሶብ ሰፊዋን ስም ግን ከነሕይወቷ ቀብረነዋል።

ስፌት ለጌጥ መዋሉን እየነቀፍሁ አይደለም። በሐረር ጥንታዊ ቤቶች ግድግዳው በስፌት የተሸለመ ነው፤ ዳሩ ግን ስፌቱ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ለሙሽራ የሚሰጥ ነውና ባለቤቲቱ የማን እጅ እንደ ሆነ ታውቀዋለች። የምነቅፈው ዕቃውን ከፍ አድርጎ ሰውን ዝቅ ማድረግን ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አውጀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ከአፋችን ቢቀንስ ከልባችን መቼ ወጣ?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለዘገየ ልጅ ቅጣቱ የእጅ ሥራ ነበር። እኔም በተራዬ መምህር ስሆን ሰነፉን ተማሪ፣ «ካላጠናህ እንደ እናትህ ስንደዶ ስትነቅል ትቀራለህ» እለው ነበር። ይህን ቃል ከነገርኋቸው ልጆች አንዱ ይኸው የዛሬው ባለ አንቲክ ነው። ስለዚህ በእናቱ ያፈረው ከእኔ ተምሮ ነው። ሕፃኑ ሙሴ የዳነው እናቱ ባዘጋጀችው የደንገል ሣጥን፣ ጳውሎስም ከደማስቆ ያመለጠው በቅርጫት እንደ ሆነ ጧት ጧት እናነብ ነበር፤ አንብበን ግን አላስተዋልንም።

እናንተ ግን ገና ናችሁ። ስፌት ስትገዙ የሰፊዋን ስም ጠይቁ፤ በዋጋው ላይ እንደ ጠላት አትከራከሩ፤ ከቤታችሁ የምትሰፋ እናት ወይም አያት ካለች አጠገቧ ተቀመጡ፤ ዲፕሎማችሁ ወስፌ ከመጨበጥ አይከለክላችሁም።

ያን ቀን የእናቱን ጥያቄ ጠየቅሁለት፤ «ክዳኑ የት አለ?» አልሁት። መልስ አልነበረውም። የእናቱ ዓይን ደክሟል፤ እጃቸው ግን ሙያውን አልረሳም። ስንደዶውን ነቅሎ የሚያመጣላቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚማር ሰው ቢያገኙ ክዳኑ ዛሬም ይሰፋ ነበር። ያ ሰው እናንተ ሁኑ።