ዝናቡ የእኛ፣ ቁጥሩ የማን?

ወገኔ፣ ይህቺን ሳትጨርስ እንዳታልፍ።

ሰኮሩ ላይ የዝናብ መለኪያ አለ። ስለ ግልገል ጊቤ ተፋሰስ የተጻፉ ጥናቶችን ብትገልጥ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ጅማ የሚሉ የጣቢያ ስሞች ታገኛለህ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ሄዶ የ24 ሰዓቱን ዝናብ በሚሊ ሜትር ያነብባል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ወጪው ከአንተ ግብር ነው። ዝናቡ የወረደው በአባትህ ቡና ላይ ነው። ታዲያ ያንን የዕለት መዝገብ ዛሬ ማታ በስልክህ ማውረድ ትችላለህ? አትችልም! የድጋፍ ደብዳቤ ታጽፋለህ፣ ማህተም ታስመታለህ፣ ትጠብቃለህ።

«እና እኔ ምን አገባኝ?» እንዳትል። የአየር ንብረት ሞዴል ማለት ዓለምን እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ካሬ ሙቀትና ዝናብ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። የብዙዎቹ የዓለም ሞዴሎች አንድ ካሬ ጎኑ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰኮሩ ተነስተህ ወደ ጊቤ በረሃ ስትወርድ ጃኬትህን የምታወልቀው ስንት ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ነው? ለሞዴሉ ግን ደጋውም በረሃውም አንድ ካሬ ነው። ይህን የሚያርመው ምድር ላይ የተለካ የብዙ ዓመት የዕለት መዝገብ ነው። እሱ ደግሞ ተቆልፎበታል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ያለው የኪው ዕፅዋት ተቋም ከእኛ ሳይንቲስቶች ጋር ሆኖ አንድ ጥናት አወጣ። ምንም ካልተደረገ፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ያው ጥናት ቡናው ወደ ከፍታ ቢዛወር፣ ደን ቢጠበቅና ቢተከል ግን ምቹው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል ያሳያል። ጥናቱን አልነቅፍም፤ ጎበዞች ናቸው። ግን የሰኮሩ ገበሬ ችግኙን የትኛው ተረተር ላይ ይትከል? ይህን ለንደን ተቀምጦ የሚነግርህ የለም። የጅማ ልጅ ራሱ ማስላት አለበት።

«ዳታ ከተከፈተ ፈረንጅ ይጠቀምብናል» የሚሉ አሉ። ኧረ ፈረንጅ ሳተላይት አለው! ቺርፕስ የሚባለው የሳንታ ባርባራ፣ ካሊፎርኒያ ሥራ ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በ5 ኪሎ ሜትር ልዩነት ገምቶ ለዓለም በነፃ ይሰጣል። ግምቱን የሚያርመው ከምድር መለኪያዎች ባገኘው ልክ ነው፤ መለኪያችንን ስንደብቅ ስለ እኛ የሚነገረው ግምት ይደክማል። እንግዲህ ቁልፉ የተቆለፈው በማን ላይ ነው? ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብሎ ስለ ሰኮሩ ዝናብ ከካሊፎርኒያ ባወረደው ግምት የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጽፈው ልጃችን ላይ። አድዋን እየዘመርን ይህን ሉዓላዊነት እንበለው?

አይቻልም አይበሉን። የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር፣ በአገራችን ልጅ በዶ/ር ቱፋ ዲንቁ መሪነት፣ የጣቢያዎቻችንን መዝገብ ከሳተላይት ጋር አዋህዷል። ካርታው በኢንተርኔት ይታያል፤ ከጀርባው ያለው ቁጥር ግን አይወርድም። በ2019 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚል አገር አቀፍ ፖሊሲ ወጥቷል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትም በ2021 አባል አገሮች ዋና ዋና ዳታቸውን በነፃ እንዲለዋወጡ ወስኗል። «ሽያጩ ገቢ ነው» ለሚለው ክርክር ደግሞ መልሱ አጭር ነው፦ ግብር ከፋዩ አንዴ ከፍሎበታል።

ይህ የቡና ጉዳይ ብቻም አይደለም። በዚሁ ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ የ184 ሜጋ ዋቱን ግልገል ጊቤ 1 አዙሮ፣ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ ጊቤ 2 ያልፋል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይኸው ነው። የሁሉም ጣቢያ የዕለት መዝገብ ማንም እንዲያወርደው ይለቀቅ። ወረቀት ላይ የቀረው ወደ ኮምፒውተር ይግባ፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሥራ አጥ ተመራቂ ሞልቷል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሞዴል የሚያሠራ፣ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የሚከፈት ሰርቨር ይቁም። አንተም አንቺም ድምፅ የሰጣችሁትን የምክር ቤት አባል በአካል ሄዳችሁ «የሰኮሩ የዝናብ መዝገብ የት ነው ያለው?» በሉት። የመለሰላችሁን ቃል በቃል ላኩልን፤ እናወጣዋለን።