ፊልሙ አልቆ ሱቁ ሲከፈት

ጳጉሜን ሲቃረብ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ የሚወስደው መንገድ በወላጅና በልጅ ይሞላል። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ቦርሳ ይገዛል። ደብተር ላይ ጠብ የለም፤ ጠቡ የሚነሳው ቦርሳው ላይ ነው። እናት ስፌቱን ሳብ ሳብ አድርጋ ታያለች፣ ዚፑን ከፍታ ትዘጋለች። ልጅ ግን ስፌትም ዚፕም አይታየውም፤ የሚያየው ሥዕሉን ነው። ስፓይደርማን ካለበት ሌላው ቀርቶበታል። ነጋዴውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ዋጋውን የሚነግረው ለእናት ቢሆንም ቦርሳውን የሚያሳየው ለልጅ ነው።

ፊልም ከቴሌቪዥን ወጥቶ እንዴት ቦርሳ ላይ እንደሚወጣ ለልጅ በምክር ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ምክሩ ሳያልቅ ልጁ ያኮርፋል። በሳቅ ግን ይቻላል። ለዛሬ ያነሳናቸው ሁለት ፊልሞች በጠፈር ጀብዱ ፊልሞችና ፊልሞቹ በሚያመጡት ኮተት ላይ የሚያሾፉ ናቸው። አንዱ የአሜሪካ ነው፤ ሌላው እዚሁ አገራችን በአማርኛ የተሠራ።

መጀመሪያ የሚሾፍበትን እንወቅ። ስታር ዋርስ የተባለው የጆርጅ ሉካስ ፊልም አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1977 ነው። በእኛ 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ወጣቶች፣ የዛሬዎቹ አያቶች፣ ስለ ጠፈር ጦርነት የሚያስቡበት ፋታ አልነበራቸውም። አሜሪካኖቹ ግን ሲኒማ ቤት ደጃፍ ተሰለፉ። ሉካስ ከፊልሙ ገጸ ባሕርያት የሚሠሩ ዕቃዎችን የመሸጥ መብት በእጁ አስቀርቶ ስለነበር ትልቁ ሀብት ከዚያ መጣ። አሻንጉሊቱን እንዲሠራ የተዋዋለው ኬነር የተባለ ኩባንያ ይህን ያህል ገበያ አልጠበቀም፤ ለዚያ ዓመት ገና ዕቃው አልደረሰለትም። ታዲያ ምን ሸጠ? አሻንጉሊት የሌለበት ካርቶን። ውስጡ ያለውን ኩፖን ሞልቶ የላከ ሰው አሻንጉሊቶቹ በሚቀጥለው ዓመት በፖስታ ይመጡለታል። ወላጆችም ለገና ስጦታ ይህንኑ ካርቶን ገዙ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ሜል ብሩክስ የተባለው ኮሜዲያን ስፔስቦልስን ሠራ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አየሩን በከንቱ የጨረሰ የአንድ ፕላኔት መንግሥት የጎረቤቱን አየር ሊሰርቅ ይነሳል። መስረቂያው ግዙፍ መንኮራኩር ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ተለዋውጦ መጥረጊያ ማሽን የያዘች የቤት ሠራተኛ ይሆናል። በስታር ዋርስ ጥቁር የራስ ቁር ያጠለቀው አስፈሪ ዳርት ቬደር እዚህ ቁሩ ከራሱ ሦስት እጥፍ የሚሆን አጭር ሰው ሆኗል። ጠቢቡ ሽማግሌ ዮዳም ዮገርት ተብሏል፤ እርጎ ማለት ነው።

አያቶች ስታር ዋርስን ባያዩም የሚስቁበት ቦታ አለ። በስታር ዋርስ ተከታይ ፊልም ክፉው ሰው ለጀግናው «አባትህ ነኝ» የሚልበት ዝነኛ ጊዜ አለ። በስፔስቦልስ ደግሞ ክፉው ሰው ዝምድናውን መቁጠር ይጀምራል፤ ከአባት ወደ ወንድም፣ ከወንድም ወደ ልጅ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ዘመድ ሲወርድ ቆይቶ የሚያርፈው በዚያ ዘመድ የቀድሞ ደባል ላይ ነው። ጀግናው «ታዲያ እኔና አንተ ምናችን ነን?» ቢለው መልሱ «ምንም!» ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ጋብቻ በሚፈቅድ አገር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እንዲያውም አያት ለልጅ ልጁ ሊያስረዳ የሚችለው እሱ ነው።

ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው ግን የዮገርት ሱቅ ነው። ወደ እሱ ለመጡት እንግዶች ዮገርት የፊልሙ እውነተኛ ገንዘብ የት እንዳለ ያሳያቸዋል፦ ስፔስቦልስ ቲሸርት፣ ስፔስቦልስ የማቅለሚያ መጽሐፍ፣ የምሳ ዕቃ፣ የቁርስ እህል። እሳት የሚተፋ መሣሪያም አለ፤ ልጆች ይህን ይወዱታል ይላል። በመጨረሻ የራሱን አሻንጉሊት ያወጣል። ከፊልሙ ውጪ ያለው እውነት ደግሞ ከዚህ አያንስም። ሉካስ እንዲቀለድበት የፈቀደው የስፔስቦልስ አሻንጉሊት እንዳይሸጥ ተስማምቶ ነው። ቀልዱን ችሎ ሱቁን ግን አልሰጠም።

ሁለተኛው ፊልም ክራምብስ ይባላል፤ ፍርፋሪ እንደማለት ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ሮተርዳም ፊልም ፌስቲቫል ላይ ቀርቧል። ዋናዎቹ ተዋንያን ዳንኤል ታደሰና ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ሰላም ተስፋዬ ናቸው። የተቀረጸው ዳሎል፣ ወንጪና የድሬዳዋ የድሮ ባቡር ጣቢያን በመሳሰሉ ቦታዎች ነው። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ብቻ ነው።

በፊልሙ ዓለም የሠለጠነው ዘመን አልፏል፤ የተረፈው ሰው ጥቂት ነው። ሰማይ ላይ አንድ የጠፈር መንኮራኩር ዝጎ ተንጠልጥሏል። ካንዲ የተባለው ፍርፋሪ ሰብሳቢ ከሌላ ዓለም የመጣ ይመስለዋል፤ መንኮራኩሩ የመንቃት ምልክት ሲያሳይ አገሬ ልገባ ነው ብሎ መንገድ ይጀምራል። በአሜሪካ ፊልሞች ጀግና የብርሃን ሰይፍ ይዞ በኮከቦች መሃል ይበራል። የእኛው በእግሩ ይኳትናል፤ በዳሎል ቢጫ ምድር ላይ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ይዞ እናየዋለን። ሊለምነው የሚሄደውም የገና አባትን ነው።

እዚህም ሱቅ አለ። ባለሱቁ የእኛን ዘመን ኮተት በከበረ ዕቃነት ይቀበላል። የኒንጃ ኤሊ አሻንጉሊት፣ የማይክል ጃክሰን ሸክላ ሲቀርብለት አገላብጦ ያይና ለእያንዳንዱ ታላቅ የጥንት ታሪክ ይነግርለታል። የማይክል ጆርዳን ሥዕልም ይጸለይለታል። ብሩክስ የሳቀው ሱቁ ሞቅ ባለበት ሰዓት ነው፤ ያንሶ የሳቀው ሱቁ ተዘግቶ፣ ሻጩም ገዢውም አልፎ፣ ፕላስቲኩ ብቻ ሲቀር ነው። ሥዕሉ ማን እንደነበረ የሚያስታውስ ሲጠፋ ቦርሳው ምን ዋጋ አለው?

አሁን ወደ ቤታችን። ልጅ ባለሥዕሉን ቦርሳ የሚፈልገው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። የክፍል ጓደኞቹ ይዘውታል፤ የሌለው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። እናትም እምቢ የምትለው ሁልጊዜ ለመርህ ብላ አይደለም፤ አንዳንዴ ብር ስለሌላት ነው። በዚህ መሃል ፊልሙን አሳይቶ «አየህ፣ አንተን ነው የሚያሾፉብህ» ማለት ልጁን ሁለት ጊዜ ማሳፈር ነው። ሳቁ በሻጩ ላይ ይሁን፤ በልጁ ፍላጎት ላይ አይሁን። ብር ከሌለም «ዘንድሮ አልቻልንም» ብሎ እውነቱን መንገር ዕቃውን ከማናናቅ ይሻላል።

አሻንጉሊት ራሱም ጠላት አይደለም። በስፔስቦልስ ያ ባለትልቅ ቁር ክፉ ሰው ክፍሉን ዘግቶ፣ የሁሉንም ድምፅ እየቀያየረ፣ በአሻንጉሊት ሲጫወት ይያዛል። ልጆች ያዩትን ያውቁታልና እዚያ ላይ ከልብ ይስቃሉ። ጨዋታው የመጣው ከልጁ ነው፤ ሱቁ የሸጠው ፕላስቲኩን ብቻ ነው።

ከማሳየታችሁ በፊት ግን ራሳችሁ እዩት። ስፔስቦልስ ውስጥ ስድብና ለልጅ የማይሆን ቀልድ ስላለ ከ12 ዓመት በታች ላሉት አንመክርም። ክራምብስ ቀስ ብሎ የሚሄድና እንግዳ ነገር የሚበዛበት ስለሆነ ለሃይስኩል ልጆች ይሻላል። ለኳስ ተጫዋች ሥዕል መጸለዩ ለአንዳንድ አያቶች ሊከብድ ይችላል፤ የፊልሙ ቀልድ ግን በጸሎት ላይ ሳይሆን በዝነኛ ሰው አምልኮ ላይ መሆኑን ይዞ መወያየት ይቻላል።

ለትንንሾቹ ፊልም ሳያስፈልግ የክራምብስን ባለሱቅ ጨዋታ መጫወት ይበቃል። የጀሪካን ክዳን፣ የተሰበረ ሪሞት፣ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አያት ባለሱቅ ይሁኑ። ልጁ እያንዳንዱን ዕቃ ከሺህ ዓመት በኋላ እንዳገኘው ሆኖ ምን እንደነበረ ይናገር፤ አያትም ዋጋ ይቁረጡ። ታሪኩ ካማረ ዋጋው ይጨምር፤ ካላማረ ይከራከሩ። በመጨረሻ ባለሥዕሉን ቦርሳ እዚያው መሃል አስቀምጡና ለእሱም ታሪክ ይፈልግለት። ልጁ በክዳኑ ላይ የፈጠረው ታሪክ ቦርሳው ላይ ካለው ከበለጠ፣ የዮገርት ሱቅ አንድ ደንበኛ ቀነሰ ማለት ነው።