ሚዛን የሌለው ገበያ

ወርቅ በሚታጠብበት አገር ሰው ሁሉ ሚዛን ያከብራል። በቤንሻንጉል ወንዞች ዳር አሸዋውን በገበቴ እያጠበ ቅንጣቷን ወርቅ የሚለይ ሰው የድካሙን ፍሬ ይዞ ወደ አሶሳ በመጣ ጊዜ፣ ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሚዛኑን ያወጣል። ሻጩም ገዢውም ዓይናቸውን ከሚዛኑ ላይ አያነሡም። ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም በመካከላቸው አንድ ምስክር ቆሟል፤ ይኸውም ክብደቱ ነው። ስስታም ነጋዴ ሚዛኑን ቢያዛባ እንኳ ኀጢአቱ በዚያው በሚዛኑ ይገለጥበታል።

ዛሬ ግን ሚዛን የሌለው ሌላ ገበያ በዓለም ላይ ተዘርግቷል፤ ይኸውም በኢንተርኔት የሚደረገው ጨረታ ነው። ኢቤይ የተባለው የዚህ ገበያ አውራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 በአሜሪካ ከተጀመረ ወዲህ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የማያውቀውን ሰው ዕቃ በማያውቀው አገር ይጫረታል። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር በተመኙ ጊዜ ዋጋው የዕቃውን ጥቅም ትቶ የምኞታቸውን ልክ ይከተላል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይበልጥ ይጨምራል፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ እልኽ ከማስተዋል ይቀድማል። አንዳንድ ጊዜም የሻጩ ወዳጅ ገዢ መስሎ በስውር እየተጫረተ ዋጋውን ያንረዋል። የሚመሰክር ሚዛን የለምና የሚከሰሰው ጥቂት ነው።

በዚህ ገበያ ከሚጫረቱት ዕቃዎች አንዱ ለልጆች መጫወቻ የተሠራ ትንሽ የፕላስቲክ አውቶሞቢል ነው። ከ60 ዓመት በፊት በአሜሪካና በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ክፍል ክፍሉ ተለያይቶ፣ በካርቶን ታሽጎ ይሸጥ ነበር፤ ልጅ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ በሙጫ እያጣበቀ እንዲገጣጥመው ነው። ዛሬ ካርቶኑ ያልተከፈተ እንደ ሆነ የቀድሞው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይከፈልበታል፤ ተገጣጥሞ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ዋጋው ይወድቃል። እንግዲህ የተሠራበትን ሥራ የፈጸመው ተናቀ፣ ሥራውን ያልሠራው ከበረ። ሽቦና ቆርቆሮ አጣምሞ መኪና የሚሠራ የአሶሳ ልጅ ይህን ቢሰማ ይስቃል፤ እርሱ መኪናውን የሚወደው ስለሚነዳው ነውና።

በመጫወቻ ላይ የሚደረግ ሞኝነት ገንዘብ ከማባከን አያልፍም፤ ማንንም አያስለቅስም። የሚያስለቅሰው በዚያው ገበያ፣ ከአውቶሞቢሉ ጎን፣ የኢትዮጵያ ዳዊት፣ የኢትዮጵያ ድርሳን፣ የኢትዮጵያ የእጅ መስቀል ፎቶግራፉ ተነሥቶ ዋጋ ሲጠራበት ማየት ነው። ሻጩ ግዕዝ አያውቅምና ድርሳኑንም ገድሉንም በአንድ ስም «የቅብጥ መጽሐፍ ቅዱስ» ብሎ ይጠራዋል። ደብተራው በመጨረሻው ቅጠል ላይ የጻፈውን፣ መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዘውን ግዝት ሳይቀር ውብ ጽሕፈት ነው ብሎ ለገዢ ያሳያል። ያሠራው ሰው የክርስትና ስም በምላጭ ተፍቆ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ያ ፍቅፋቂ የሌባ እጅ ሊሆን እንደሚችል አይጠይቅም፤ ገዢውም አይጠይቀውም።

የመጫወቻው ሕግ በመጽሐፉም ላይ ሠለጠነ። ዳዊት የተጻፈው በየዕለቱ እንዲደገም ነው፤ ጸናጽል የተሠራው በማኅሌት እንዲጸነጸል ነው። የሰብሳቢው ደስታ ግን ዳዊቱ ሳይደገም፣ ጸናጽሉም ዝም ብሎ በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። አንዳንዱ ነጋዴ ሙሉውን መጽሐፍ ከመሸጥ ይልቅ ቅጠል ቅጠሉን ቈርጦ ለየብቻው መሸጥ ያተርፋል ብሎ ብራናውን በቢላዋ ይለያየዋል። ሌላው ሥዕል በሌለው አሮጌ ብራና ላይ አዲስ ሥዕል ያሥልና የጥንት ነው ብሎ ዋጋውን ያንረዋል። በአሶሳ ምድር የበርታ ሰዎች ዋዛ የሚባለውን ከቅል የተሠራ ረጅም መለከት ሲነፉ የሰማ ሰው ይህ ጥፋት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ይዟል፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው በአንድነት ሲነፉ ነው። አንዱን ዋዛ ወስዶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ቅል እንጂ ዜማ አልገዛም። አንድ ቅጠል ከድርሳን ቈርጦ የሰቀለም ቆዳ እንጂ መጽሐፍ አልገዛም።

ይህ ገበያ ግን በኢንተርኔት አልተጀመረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከግምጃ ቤቱና ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የዘረፈውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደው። በዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ቆመ። ጋዜጠኛው ስታንሊ በቦታው ነበርና የሆነውን ጽፎ አቈይቷል። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ብዙ ገንዘብ ይዞ ስለ ነበረ በአብዛኛው ዕቃ ላይ ሌሎችን በለጠ፤ ኮሎኔል ፍሬዘር የተባለው መኰንን ግን ለባለጸጋ ክፍለ ጦሩ የመኰንኖች ቤት ይገዛ ነበርና እየተከተለ አስጨነቀው። የጨረታው ገቢ 5,000 ፓውንድ ያህል ሆኖ ለወታደሩ ሲከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ የደረሰው ከአራት ዶላር እምብዛም ያልበለጠ ነበር። እንግዲህ የአንድ መንግሥት ግምጃ ቤት ዋጋ በአራት ዶላር ተመነዘረ።

የዛሬው ጨረታ የዚያው የደላንታ ጨረታ ልጅ ነው። ሆልምስ ከሙዚየሙ ግዢ ሌላ ለራሱ የወሰደው ነበረ፤ ይኸውም ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ የነበረው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ሥዕሉና ክብረ ነገሥት እንዲመለሱላቸው ወደ እንግሊዝ ጽፈው ነበር። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰላቸው፤ ሥዕሉ ግን የያዘው ሰው ዝም ስላለ ቀረ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917፣ በለንደን ከተማ በጨረታ ተሸጠ። በደላንታ የተነገረው ዋጋ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ነጋዴ ሲተላለፍ እነሆ 150 ዓመት አልፎታል።

ይህ ነገር ለአሶሳ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን፣ መቅደላና ደላንታ ከሚገኙባት ከወሎ ተነሥተው ብዙ ቤተ ሰቦች በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር በተጠሩ አምባዎች ሰፍረዋል። የአጥቢያቸውን ደወል ትተው መጥተው በአዲሱ ምድር ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። አዲስ ደብር የተከለ ሰው አንድ ስንክሳር፣ አንድ ግብረ ሕማማት ለማግኘት ስንት እጅ መዘርጋት እንዳለበት ያውቃል። የዚህ ሰው የአያቱ አጥቢያ መጽሐፍ ምናልባት በባዕድ አገር ከመጫወቻ አውቶሞቢል ጋር ይጫረት ይሆናል። ጎረቤቱ የሆነው እስላምም ቢሆን ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም፤ ቀደምት የኢትዮጵያ እስላሞች በእጃቸው የጻፉት ቁርዓንም በዚሁ መንገድ ሊወጣ ይችላልና።

ይህን ሲሰሙ የሚከራከሩ አሉ። አንዳንዱ የተማረ የከተማ ሰው፣ የኢትዮጵያ መጽሐፍ ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ ተሸጠ ብሎ በደስታ ያወራል፤ የዋጋው ብዛት የአገር ክብር ይመስለዋል። የተሸጠች እናት ዋጋዋ በጣም ውድ ነበር ብሎ የሚኰራ ልጅ ግን የለም። ሌላው ደግሞ ባዕዳን ይሻላሉ፣ ከምስጥና ከእሳት ይጠብቁታል ይላል። አንዳንድ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ብራናውን በጥንቃቄ መያዛቸው እውነት ነው፤ ይህ ግን የጨረታው ምስጋና አይደለም። ጨረታ ጠባቂን አይመርጥም፤ መጽሐፉን የሚሰጠው ለሚጠብቀው ሳይሆን አብዝቶ ለከፈለው ነው፤ ያም ሰው ነገ በመቀስ ቢለያየው የሚከለክለው የለም።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የከበደ ነው፤ ከበጎ ልብ ይወጣልና። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው ቅርሱን ከጨረታ ቢያወጡት ምን ክፋት አለው ይባላል። ቅዱስ አምብሮስዮስስ ምርኮኞችን ለመዋጀት ንዋየ ቅድሳትን አቅልጦ አልነበረምን? አዎን፣ አቅልጧል። ነገር ግን እርሱ ዕቃ ሰጥቶ ሰው ዋጀ፤ ምርኮኛው ዛሬ ካልተዋጀ ነገ ይሞት ነበር። በጨረታ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ኢትዮጵያዊው በናፍቆት ሲጫረት፣ ሻጩ የእርሱን ናፍቆት እንደ ሸቀጥ ይቈጥረዋል። አንድ መስቀል በውድ ዋጋ በተዋጀ ማግሥት ዐሥር መስቀል ከየሳጥኑ ይወጣል፤ በአገር ቤትም የሌባው ዓይን ወደ ዕቃ ቤቱ ይዞራል። በአንድ እጅ የተዋጀው በሌላው እጅ እንዲሰረቅ ዋጋ ተከፈለ ማለት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ከመጽሐፍም ከታሪክም ይታወቃል። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም የማረካቸውን ዕቃዎች የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ በመለሰ ጊዜ፣ በመዝገብ ሹሙ እጅ 5,400 የወርቅና የብር ዕቃ ተቈጥሮ እንደ ወጣ በመጽሐፈ ዕዝራ ተጽፏል። ቂሮስ ቈጠረ እንጂ አልተመነም። በኤዲንበርግ ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ከመቅደላ የሄደ ታቦት በተገኘ ጊዜ፣ ምእመናኑ የእነርሱ እንዳልሆነ ዐውቀው በ1994 ዓ.ም. ያለ ዋጋ መለሱ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት የመቅደላ መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ፣ በለንደን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አቤት ቢል ከጨረታው ወጡ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በኒውካስል ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻም እንደዚሁ ከጨረታ ወጣ። የዶርሴቱ ዕቃዎች በኋላ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ገዝቶ እንደ መለሳቸው እውነት ነው፤ ያደረገውም ሰው አይነቀፍም። ነገር ግን ጨረታውን ያቆመው ገንዘብ አልነበረም። ያቆመው የባለቤቱ ድምፅ ነው።

ድምፅ ግን ምስክር ይሻል፤ ምስክሩም መዝገብ ነው። ጎልጎታ አምባ ወይም ሰማዕታት ደብር ብሎ ስሙን መጥራት ብቻ አይበቃም። መጽሐፉ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ ቁመቱና ስፋቱ፣ የጸሓፊውና ያሠሪው ስም፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ ፎቶግራፍ በደብሩም በሀገረ ስብከቱም ካልተቀመጠ፣ ከአገር የወጣው መጽሐፍ የዚያ ደብር ነበረ ብሎ ማን ይመሰክራል? በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው ታላቁ መስቀል ከቤልጅየም በ1993 ዓ.ም. ሊመለስ የቻለው፣ መልኩ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለ ነበረ ነው። የአንዲት የገጠር ደብር ዳዊት ግን እንዲህ ያለ ዝና የላትም፤ ያለ መዝገብ ከጠፋች ለዘለዓለም ጠፋች።

እዚህ ላይ ቃሉ ወደ ቤት መመለስ ይገባዋል። መጽሐፉን በደላንታ የወሰደው የባዕድ ጦር ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሳይሰበር ይወጣል። ቅርስን ከአገር ማውጣትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሌባውን ያስራል፤ የሌባውን በር የከፈተውን ሰው ግን ከአዋጁ በፊት ያወገዘው ያ በመጨረሻው ቅጠል የተጻፈው ግዝት ነው። ሹመኛው አሮጌ ነው ብሎ የሸጠው፣ ካህኑ ልጄን ላስተምርበት ብሎ ያወጣው፣ ምእመኑም አይቶ ዝም ያለው፣ ሦስቱም በአንድ ጨረታ ተካፋዮች ናቸው። ሠላሳውን ብር በመለሰ ጊዜ የይሁዳን ገንዘብ ካህናቱ እንኳ ወደ መባው ሣጥን ሊያገቡት እንዳልደፈሩ ተጽፏል። የተሸጠ መጽሐፍ ዋጋ ግን አንዳንድ ጊዜ ለጣራ ቆርቆሮ ይከፈላል፤ ከጣራውም በታች የሚነበብ መጽሐፍ ይጠፋል።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በገበያው የአገር ዕቃ ያየ ሰው ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ፎቶግራፉን ለኤምባሲውና ለቤተ ክህነቱ ይላክ። ለመዋጀት የታሰበው ገንዘብም ሌላ ሥራ አለው፤ ዛሬም ብራና የሚዳምጡ፣ ቀለም የሚበጠብጡ ጸሓፍት በአገር አሉና፣ በአሶሳ አምባዎች ላለች አንዲት ድሀ ደብር አዲስ ዳዊት ያጽፉበት። ያ ዳዊት በኢቤይ ዋጋ አያወጣም፤ አሮጌ አይደለምና። ነገር ግን ጧት ይደገማል፤ ልጆች ፊደል ይቈጥሩበታል፤ ከእጅ ብዛት ጠርዙ ይጠቍራል።

የወርቅ አጣቢው ሚዛን እውነት የሚናገረው ሁለቱም ወገኖች ስለሚታመኑለት ነው። የደላንታ ጨረታ ደግሞ ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ ያልተዘጋው ሻጭ ስላለ ብቻ አይደለም፤ እጁን የሚያነሣ ተጫራች ስላላጣ ነው። ኢትዮጵያዊው እጁን ባወረደ ቀን፣ ድምፁንም ባነሣ ቀን፣ ያ ገበያ አንዱን ታላቅ ተጫራቹን ያጣል።